ትንሿን ሐረር በእግር

ሐርጌሳን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አውቃታለሁ ብዬ አስብ ነበር። በቶጎ ውጫሌ ስንት ጊዜ እንደተሻገርኩ ቆጥሬም አላውቅ። ጎህ ሲቀድ ከጅግጅጋ ተነስቼ፣ ድንበሩን በእግሬ አልፌ፣ ማዶ መኪና ይዤ ፀሐይ ሳትበረታ ከተማ እገባለሁ። ድሪያውን፣ ሽቶውን፣ የሕፃናት ልብሱን አይቼ፣ ተከራክሬ፣ አስጭኜ፣ አንድ ሌሊት አድሬ እመለሳለሁ። ሐርጌሳ ለእኔ ሦስት ነገር ነበረች፦ ዋሄን ገበያ፣ የማድርበት ሆቴልና መጋዘኑ። በመሀላቸው ያለውን የማየው በመኪና መስኮት ነው፤ እሱንም ስልኬን ካልነካካሁ።

ባለፈው ዓመት ዕቃዬን የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሦስት ቀን ሥራ ፈትቼ ቁጭ አልኩ። በሁለተኛው ቀን የሆቴሉ ልጅ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ኤዶ፣ ለምን ከተማዋን በእግር አትዞሪም? የሚያስጎበኝ ልጅ አለ» አለኝ። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ ገፋ ያልን ሴቶችን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሩን። ሳቅኩበት። ዋሄንን ለሚያሳየኝ ሰው እኔ ገንዘብ ልከፍል? ዋሄንን እኔ ላሳየው እንጂ!

ግን ሄድኩ። መቀመጥም ሲበዛ ይሰለቻል።

አስጎብኚው ከሃያ አምስት ዓመት የማይበልጥ ቀጭን ልጅ ነው። እንግሊዝኛው ይፈሳል፤ አማርኛው እንደ እኔ ሶማሊኛ ነው፣ ለዋጋ ክርክርና ለሰላምታ ይበቃል። ሁለታችን በሦስት ቋንቋ እየተደጋገፍን ነው የዞርነው። የተለመደውን ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ወሰደኝ፦ ኸይሪያዳ አደባባይ ላይ ከቆመው የሚግ አውሮፕላን ተነስተን፣ ገንዘብ በጡብ በጡብ ከደረደሩት መንዛሪዎች ጋ፣ ከዚያ ወርቅ ተራ፣ ከዚያ ሻይ፣ በመጨረሻ በመኪና የከብትና የግመል ገበያው። ሐርጌሳን ለማየት የሚመጣ የውጭ ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚያየው። የመንዛሪዎቹን ፎቶ ያላነሳ ጎብኚ የለም። ገንዘቡ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ጠባቂ አለመኖሩ ይገርማቸዋል። የሶማሌላንድ ሽልንግ ሥራ ላይ የዋለው በ1987 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994። ዛሬ ሰዉ ቅመም እንኳ በስልክ እየከፈለ ስለሚገዛ፣ ያ ሁሉ ጡብ ከመገበያያነቱ መታያነቱ ሳይበልጥ አይቀርም።

ያስጎበኘኝ ነገር ጥሩ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ታሪኩ የሚጀምረው ከአውሮፕላኑ ነው። ከተማዋ በ1980 ዓ.ም. ተደበደበች፣ ፈረሰች፣ ተነሳች፣ አለቀ። እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፤ ጁገል ግንብ ሥር ነው ያደግሁት። በእኛ ከተማ አስጎብኚ ታሪኩን ሲጀምር ከአሚር ኑር ግንብና ከአምስቱ በሮች ይነሳል፤ አምስት መቶ ዓመት ሳይናገር ሻይ አያስጠጣህም። ስለዚህ ልጁን «ከዚህ በፊትስ? ይህች ከተማ ከአውሮፕላን ነው የተወለደችው?» አልኩት። ፈገግ አለ። «ኤዶ፣ እሱን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ከፈለግሽ ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ወንዙ ጋ ነይ» አለኝ።

ወንዙ ማሮዲ ጄሕ ይባላል። ማሮዲ ዝሆን ነው። በዓመቱ አብዛኛው ወራት አሸዋ ብቻ ነው፤ መኪና ያልፍበታል፣ ሕፃናት ኳስ ይጫወቱበታል። ግን አሸዋው ሥር ውሃ አለ፤ ለዚህ ነው ከተማዋ እዚህ የተገኘችው። ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበርበራ ሐሩር ለሚወጣ ነጋዴ የመጀመሪያዋ ቀዝቃዛ ማረፊያ፣ ከሐረር ለሚወርድ ደግሞ ግመሉን በደንብ አጠጥቶ ወደ ባሕሩ የሚነሳባት ናት። ልጁ አሸዋው ላይ ቆሞ እጁን ወደ ምዕራብ ዘረጋ፣ «ሐረር»፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘረጋ፣ «በርበራ»። ከዚያ ዝም አለ። የፈለግሁት ይህንን ነበር።

እስቲ የዚያን መንገድ ንግድ አስቡት። ከእኛ ወገን ቡና፣ ቆዳ፣ ቅቤ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የሰጎን ላባ ይወርዳል፤ መደበቅ አይገባም፣ ባሪያም ይወርድ ነበር። ከባሕሩ ወገን አቡጀዲ፣ ሩዝ፣ ተምር፣ ብረታ ብረት ይወጣል። የበርበራ ገበያ የሚቆመው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ነፋሱ ለመርከብ ሲመች ነበር፤ ሚያዝያ ሲያልቅ ከተማው እንዳለ ይነቀልና ባዶ የባሕር ዳርቻ ይቀራል። በዚያ ወራት ሲራራ ነጋዴው ሁሉ የሚያልፈው እንደ ሐርጌሳ ባሉ የውሃ ጉድጓዶች ላይ ነው። የከተማዋንም ስም አንዳንዶች ከዚሁ ያመጡታል፤ «ሐረግ» በሶማሊኛ ቆዳ ነው፣ ቆዳ የሚወሰድባት ቦታ ለማለት ነው ይላሉ።

በዚያ መንገድ ላይ ብቻውን የሚሄድ ነጋዴ አልነበረም። እንግዳ ከሆንክ «አባን» መያዝ አለብህ። አባን የአገሩ ሰው ነው፤ ያሳድርሃል፣ ያስተረጉምልሃል፣ ያገበያይሃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋስህ ነው። አንተን የነካ እሱን ነካ፣ እሱን የነካ ጎሳውን ነካ። አንተም ባጠፋህ ጊዜ የሚጠየቀው እሱ ነው። ለዚህ ድርሻውን ይወስዳል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነስቶ ሐረር ሲገባ ስለ አባኖች በሰፊው ጽፏል፤ ብዙ አማሯል፣ ግን ያለ እነሱ አንድ እርምጃ አልሄደም። እኔ ይህን ስሰማ የመጣልኝ ውጫሌ ላይ ያለው የእኔው ሰውዬ ነው። ደላላ ብቻ እንዳልለው ደላላነቱ ትንሹ ሥራው ነው፤ ወዳጅ ብቻ እንዳልለው ይከፈለዋል። ለካ ስም ነበረው።

ከወንዙ ወጥተን ወደ ሼክ ማደር ሰፈር ገባን። ይህ የጉብኝቱ ልብ ነው፤ ለፈረንጅ የማይታየውም ይኸው ነው። በር በር እያሉ የተያያዙ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ አልፎ አልፎ ጥይት የቧጠጠው ግድግዳ፣ በመሀሉ ደግሞ አዲስ የሚነሳ ባለ መስታወት ፎቅ። ልጁ መስጊዱ አጠገብ አቁሞ የነገረኝን አጣርቼ ነው የማካፍላችሁ።

ሼክ ማደር እ.ኤ.አ. በ1825 ተወልደው በ1918 ያረፉ የቃዲሪያ መንገድ ሼክ ናቸው። የተማሩት ሐረር ነው። አስተማሪያቸው ካቢር ኸሊል ይባሉ ነበር። «ካቢር» እኛ ሐረር የምናውቀው ቃል ነው፤ የዲን አስተማሪ፣ ሊቅ ማለት ነው። ተማሪያቸው ወደ አገሩ ሲመለስ ሰዎችን የሚሰበስብበት ጀማዓ እንዲያቋቁም የመከሩት እኒሁ ካቢር ናቸው። ሼኩም በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሐርጌሳ የውሃ ጉድጓዶች አጠገብ ሰፈሩ። ያ ሰፈራ ጀማዓ ወይን፣ ታላቁ ጀማዓ፣ ተባለ። ተማሪዎቻቸው ቁርዓን ይቀራሉ፣ ማሽላ ይዘራሉ፣ መንገደኛ ያሳድራሉ። ከብት ጠባቂው በዝናብ ተከትሎ በሚንቀሳቀስበት አገር አንድ ቦታ ላይ መቀመጥና ማረስ ራሱ እንግዳ ነገር ነበር። እንዲህ ያሉ ጀማዓዎች ከተለያየ ጎሳ የመጣውን፣ ዘመድ የሌለውንም ይሰበስቡ ነበር፤ ሰው በአባቱ ስም ሳይሆን በሼኩ ስም የሚጠለልበት ቦታ ነው። የሐርጌሳ ከተማነት ፍሬ ይህ ነው፦ ጉድጓድ፣ መስጊድ፣ የማሽላ እርሻ፣ የመንገደኛ ማደሪያ።

ከዚያ ልጁ «በድሮ ጊዜ ይህን ቦታ ሐረር አል-ሰጊር ይሉት ነበር» አለኝ።

ዐረብኛው አያስፈልጋችሁም፤ ትንሿ ሐረር ማለት ነው። የከተማዋ የዛሬ ስም ራሱ ከዚህ የመጣ ነው የሚሉም አሉ። መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አሥራ አራት ዓመት ስመላለስ፣ ከየት ነሽ ሲሉኝ ሐረር ስል፣ ሽማግሌዎቹ ለምን ፊታቸው እንደሚፈታ አስቤው አላውቅም ነበር። ለገበያ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሁላችንም እንጀራ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሸንፈው ሐረርን ያዙ፣ ራስ መኮንን ገዢ ሆኑ። እንግሊዝ ደግሞ በእነዚያው ዓመታት የበርበራን ወገን በጥበቃ ሥር አድርጌያለሁ አለች። ከዐድዋ በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም. ግንቦት፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ አዲስ አበባ መጥቶ ከምኒልክ ጋር ስምምነት ተፈራረመ፤ የድንበሩን ዝርዝርም ከራስ መኮንን ጋር ሐረር ላይ ጨረሰ። መስመሩ ሲሰመር ሐረር በዚህ፣ ትንሿ ሐረር በዚያ ቀሩ። ከብት ጠባቂዎቹ በሁለቱም ወገን እንዲያሰማሩ ተፈቅዶ ነበር፤ ለግመል የተፈቀደው ለአቡጀዲ አልተፈቀደም። ከዚያ ቀን በፊት በዚህ መንገድ ላይ ግብር የሚያስከፍል ሺህ ሰው ነበር፣ «ኮንትሮባንድ» የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ኬላ ላይ ዕቃዬ ሲፈተሽ ይህን እያሰብኩ ብቻዬን መሳቅ ጀምሬያለሁ፤ ፈታሾቹ አይወዱትም።

መንገዱን ከመስመሩ ይልቅ የጎዳው ግን ባቡር ይመስለኛል። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ የሐረር ቡና በግመል በርበራ መውረዱን እየተወ በፉርጎ ጅቡቲ መውረድ ጀመረ። ሐርጌሳ የከብትና የቆዳ ከተማ ሆና ቀጠለች። ዛሬ በርበራ ወደብ ታድሶ፣ እስከ ውጫሌ መንገድ ተሠርቶ፣ ስለ ኮሪደሩ ስንሰማ አዲስ ነገር ይመስለናል። በባቡር ተዘግቶ የነበረ አሮጌ መንገድ ነው የተከፈተው።

የእንግሊዝን ዘመን ልጁ ቶሎ ነው ያለፈው፣ እኔም ቶሎ ልለፈው። ጣሊያን በ1932 ዓ.ም. ክረምት በርበራን ያዘ፤ በሰባት ወሩ እንግሊዝ መልሳ ወሰደችው፣ ዋና ከተማዋንም ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ አወጣች። ሸዓብ የሚባለው ሰፈር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቦታ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። መሀል ከተማ ያለው ኦሪየንታል ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሻይ ጠጡ፣ ነጋዴ ነገር የሚያወራበት ቦታ ሽታ አለው። በ1947 ዓ.ም. እንግሊዝ ሐውድ የሚባለውን የግጦሽ አገር ለኢትዮጵያ ስታስረክብ በሐርጌሳ ትልቅ ቁጣ ሆነ። ማይክል ማሪያኖ ያሉበት መልእክተኛ ቡድን እስከ ለንደንና እስከ ተባበሩት መንግሥታት ሄዶ ጮኸ። እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው ግዛታችን ተመለሰ ተብሎ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን መስማት ለጆሮ ይከብዳል፤ ግን ግመሉን ይዞ የቆመውን ሰው አስቡት፣ የሳሩ ባለቤት በአንድ ሌሊት ተቀየረበት። ነፃነት የመጣው ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፣ እ.ኤ.አ. 26 ጁን 1960። በአምስተኛው ቀን ከደቡቡ ጋር ተዋሐዱ። ሐርጌሳ ሰፈሮቿን በቀን ትሰይማለች፤ አንዱ 26 ጁን ነው፣ ሌላው 31 ሜይ።

31 ሜይ ግንቦት 23 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው። ወደ አውሮፕላኑ ተመለስን ማለት ነው።

የዚህ ታሪክ አንድ ጫፍ እኛ ቤት ውስጥ ነው ያለው። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ የደርግ ጦር አፋቤት ላይ ተሰበረ። ደርግ በምሥራቅ ያቆመውን ጦር ወደ ሰሜን ማዞር ነበረበት። ወሩ ሳያልቅ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ስምምነት ፈረሙ፦ አንዱ የሌላውን አማፂ መደገፍ እንዲያቆም። ዚያድ ባሬን ይወጋ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መቀመጫው ኢትዮጵያ ነበር። መሬት ሲነሳበት ያለ የሌለውን ይዞ ወደ አገሩ ገባ፤ ግንቦት 19 ቡርኦ፣ ግንቦት 23 ሐርጌሳ። መንግሥት ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን መታ። አውሮፕላኖቹ የሚነሱት ከዚችው ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ነበር፤ ተነስተው፣ ከተማዋን ደብድበው፣ እዚያው ያርፋሉ። አልደበድብም ብሎ ወደ ጅቡቲ የበረረ አብራሪም ነበር። ከተማዋ አብዛኛዋ ፈረሰች። ሟቹ በአስር ሺዎች ይገመታል። ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ሰው በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ፤ ሐርታ ሼክ፣ ሐርሺን፣ ተፈሪ በር፣ ቀብሪ ደሃር ሳይሆን ቀብሪ በያህ። ሐርታ ሼክ በጊዜው ከዓለም ትልቁ የስደተኛ ሰፈር ነበር። የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው።

ልጁ እናቱ ሐርታ ሼክ ስድስት ክረምት እንዳሳለፈች ነገረኝ። ውሃ በቦቴ ከጅግጅጋ ይመጣላቸው ነበር። እኔ በዚያ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ አባቴ «ስደተኞቹ መጡ» ሲል አስታውሳለሁ፤ ስንዴና ዘይት ከዚያ ሰፈር ወጥቶ ሐረር ገበያ ይሸጥ እንደነበርም አስታውሳለሁ፤ እናቴ ገዝታለች። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። አሁን ለእናንተ ነገርኳችሁ።

ደግሞ ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። በ1969 እና በ70 ጦርነት ጊዜ ጦር ወደ እኛ የመጣው ከዚህ ወገን ነው፤ ከኦጋዴን የሸሸው ሰው ደግሞ ሐርጌሳ ዙሪያ ሰፈረ። በአሥር ዓመት ውስጥ ያው መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ በሚያለቅስ ሰው ሞላ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት 10 ቡርኦ ላይ ሶማሌላንድ ተለየሁ አለች፤ በሦስተኛው ቀን መንግሥቱ ከአዲስ አበባ ወጣ። እኛ ያን ግንቦት ስንቆጥር የራሳችንን ብቻ ነው የምንቆጥረው።

ከአደባባዩ ወደ ሬዲዮው አካባቢ አዘገምን። ሬዲዮ ሐርጌሳ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዞች የተጀመረ ነው። በ1980 ድብደባው ሲመጣ ሰዎች የዘፈንና የግጥም ክሮችን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፣ ሌላውንም በእጃቸው ይዘው ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩ። ስትሸሽ ምን ትይዛለህ ቢሉህ? ካሴት! ከጦርነቱ በኋላ ተቆፍሮ ወጣ። ዛሬ የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከአሥር ሺህ በላይ ካሴትና ክር ሰብስቦ ይዟል፤ በየዓመቱ የመጽሐፍ ትርኢትም ያዘጋጃል። ብትገቡ በደስታ ነው የሚያስተናግዱት፣ ሶማሊኛ ባትችሉም የዑዱ ድምፅ ይገባችኋል። በእግር ጉብኝቱ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ወንበር ያለው ይኸው ቦታ ብቻ ነው፤ ጉልበት ላመመው ይህም ቁም ነገር ነው።

በመጨረሻ ዋሄን። የራሴ አገር።

መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የረመዳን ዋዜማ ማታ፣ ዋሄን ተቃጠለ። ሁለት ሺህ ገደማ ሱቅና መደብ አንድ ሌሊት ጠፋ፤ 28 ሰው ተጎዳ። መተላለፊያዎቹ ከመጥበባቸው የተነሳ የእሳት መኪና መግባት አልቻለም። አብዛኛው ነጋዴ ኢንሹራንስ አልነበረውም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከእናንተም ዕቃ የተቃጠለበት አለ።

እኔ በዚያ ሌሊት ጅግጅጋ ነበርኩ። አሥር ዓመት ሙሉ በዱቤ የሚሰጠኝ አንድ ጅምላ ሻጭ አሉ፤ አደር እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት። የዚያን ጊዜ ያለብኝ ዕዳ ቀላል አልነበረም። በማግስቱ ደወሉ። ሱቃቸው አመድ ሆኗል። የደወሉት ግን «ትናንት ከተማ ነበርሽ? ደህና ነሽ?» ለማለት ነበር። ደብተሩም እንደተቃጠለ በወሬ መሀል ነገሩኝ። እኔ አይዞዎት አልኩ፣ አላህ ይተካዎት አልኩ፣ ዱቤውን ሳላነሳ ስልኩን ዘጋሁ። አራት ቀን ሳልደውል ቆየሁ። ዕዳዬ ስንት እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህን ያህል ቀላል ነበር። በአምስተኛው ቀን ደወልኩና ቁጥሩን ተናገርኩ፤ እኩሌታውን በሐዋላ ላክሁ፣ ቀሪውን በሁለት ጉዞ ከፈልኩ። ለምን አራት ቀን እንደፈጀብኝ ለባለቤቴም ተናግሬ አላውቅም።

በዚያ የጉብኝት ቀን ልጁ ሳያውቅ አዲሱ ሱቃቸው በር ላይ አቁሞ ስለ እሳቱ ይነግረኝ ጀመር። «አደር» አልኳቸው። እያየሁት ያለሁት ዋሄን አዲስ ተሠርቶ ሰፋ ያለው፣ መንገዱ የተከፈተው ነው። ወንበር ሰጡን፣ ሻይ በወተት መጣ። ለልጁ፣ ይህች የሐረር ሴት ከእሳቱ በኋላ ዕዳዋን ራሷ ተናግራ የከፈለች ናት ብለው አወሩለት። ፊቴ ጋለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «ደብተር ነው የተቃጠለ፣ እኔ አልተቃጠልኩም» አሉኝና የሁሉንም ባለዕዳ ሒሳብ በራሳቸው እንደያዙ ነገሩኝ። ቁጥሬን ጠየቅኋቸው። ልክ ያንኑ ጠሩት። አራቱንም ቀን ያውቁ ነበር ማለት ነው። አማርኛውን የት ለመዱት ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ልጁ ጠየቀልኝ። ሐርታ ሼክ ሆነው ጅግጅጋ ሸክም እየተሸከሙ ነው።

እንግዲህ ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር። በጠዋት ጀምሩ፤ ከቀትር በኋላ የጫት ሰዓት ነው፣ ከተማዋ ትቀመጣለች። ዓርብን ተዉት። ሴቶች ፀጉራችንን እንሸፍን፣ ሰፊ ልብስ እንልበስ፤ እኛ ሐረርና ድሬዳዋ ያደግን ድሪያና ሻሽ ይበቃናል። ሰው ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፣ የመንግሥት ቤት፣ ኬላና አየር ማረፊያ ጭራሽ አታንሱ። ዋጋውን ከአስጎብኚው ጋር ሳትነሱ ተስማሙ፣ መቼም ይህን እኔ ለነጋዴ አልነግርም። ላስ ጌል ያለውን የጥንት የዋሻ ሥዕል ማየት ከፈለጋችሁ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ሌላ ቀን ያዙለት፤ ፈቃድ ቀድሞ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለአስጎብኚው «ከወንዙ እንጀምር» በሉት። ካልጠየቃችሁት ከአውሮፕላኑ ይጀምራል፤ የሚጠየቀው እሱን ስለሆነ ነው።

መቸኮል ያለበት ነገርም አለ። ጁገል ግንብ አላት፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ናት፣ ቤት ለማፍረስ የሚያስብ ሰው ቢያንስ የሚጠይቀው አለ። ትንሿ ሐረር ግንብ የላትም። በጦርነቱ ያልፈረሰው የድንጋይ ቤት አሁን በገንዘብ እየፈረሰ ነው፤ ውጭ ያለው ዘመድ ገንዘብ ይልካል፣ አሮጌው ወርዶ መስታወቱ ይወጣል። በባለቤቱ አልፈርድም፤ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ቅርስ ጠብቅ ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው። አዲስ አበባ ፒያሳም በ2016 ዓ.ም. ስንቱ ቤት እንደወረደ አይተናል፤ እዚያ ዛሬ አስጎብኚው ጣቱን ባዶ ቦታ ላይ ቀስሮ «እዚህ ነበር» ነው የሚለው። ሼክ ማደር ሰፈር ውስጥ ልጁ «እዚህ ነበር» ያለኝን ቆጠርኩ፤ በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ጊዜ።

ባለፈው ጥር ከማኅበራችን ሰዎችና ከቤተሰብ ስምንት ሆነን ሄድን፤ ልጄንም ይዤ። ልጁ ወንዙ ጋ ጠበቀን፤ አማርኛው ተሻሽሏል። ጀማዓ ወይን ስንደርስ «ይህን ክፍል ኤዶ ትናገር» ብሎ ወደ ኋላ አለ። ስለ ካቢር ኸሊል፣ ከሐረር ስለመጣው ተማሪ፣ ስለ ማሽላው ነገርኳቸው፤ ሦስት ቦታ ላይ ተሳሳትኩ መሰለኝ፣ ልጁ በጨዋነት አረመኝ። መስጊዱ በር ላይ ምርኩዝ የያዙ አንድ ሽማግሌ ቆመው ይሰሙን ነበር። ስንጨርስ በሶማሊኛ ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ልጄ ቀድማ «ሐረር» አለች።

ሽማግሌው በምርኩዛቸው መሬቱን መታ አደረጉና፣ «የቷ? ትልቋ ወይስ ይህች?» አሏት።